የጡት ካንሰር የያዛት እህታችን መንገድ መሪ ትሻለች

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ጡት ካንሰር ነው። ስለ ምልክቶቹ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፦ በጡት ወይም በብብት ሥር የሚወጣ፣ ብዙ ጊዜ ሕመም የሌለው እብጠት፣ የጡት ቆዳ መጎድጎድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ከጫፉ ደም ያለበት ፈሳሽ መውጣት። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ምልክቱ ከታየ በኋላ ስላለው ረጅም መንገድ፣ በዚያም መንገድ ከታማሚዋ ጋር ስለሚሄድ ሰው ነው።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት ፋርማሲ አንዲት እናት የሐኪም ማዘዣ ይዘው መጡ። የታዘዘላቸው ታሞክሲፈን ነበር። ይህ መድኃኒት ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን እድገቱን የሚያግዝለት የጡት ካንሰር ከቀዶ ሕክምና በኋላ ተመልሶ እንዳይመጣ የሚረዳ ክኒን ነው። የዚያን ቀን ወረፋው ረጅም ነበርና «እናቴ፣ በቀን አንድ አንድ ይውሰዱ» ብዬ የአንድ ወር መድኃኒት ሰጥቼ ሸኘኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

ከስምንት ወር በኋላ በልጃቸው ተደግፈው ተመለሱ። በብብታቸው ሥር እብጠት ወጥቷል። «መድኃኒቱን አቋርጠው ነበር እንዴ?» ስላቸው «ኧረ ልጄ፣ ጨረስኩት እንጂ መች አቋረጥኩ!» አሉኝ።

ታሞክሲፈን አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወሰዳል። ይህን የነገራቸው ሰው አልነበረም። ሐኪሙ ፋርማሲስቷ ትነግራቸዋለች ብሎ ይሆናል፤ እኔም ሐኪሙ ነግሯቸዋል ብዬ ነበር። እኚህ እናት በሁለታችን መካከል ባለው ክፍተት ወደቁ። መድኃኒቱን ቢቀጥሉ ኖሮ እብጠቱ አይወጣም ነበር ብዬ መናገር አልችልም። ያ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ይህን ክፍተት በደንብ ያጠኑት ዶክተር ሃሮልድ ፍሪማን የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናቸው። ይሠሩበት የነበረው የሃርለም ሆስፒታል ድህነት በጸናበት የኒውዮርክ ከተማ ሰፈር ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1986 በዚህ ሆስፒታል ከታከሙ 606 የጡት ካንሰር ሕሙማን ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሲመጡ በሽታው ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ደርሶ ነበር። አምስት ዓመት በሕይወት የቆዩት 39 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ዶክተር ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ1979 ለሰፈሩ ሴቶች ነፃ የጡት ምርመራ ጀመሩ። ነገር ግን ምርመራ ብቻውን አልበቃም። እብጠት የተገኘባት ሴት ለናሙና ምርመራ ተቀጥራ ትቀራለች። አንዷ ገንዘብ የላትም፣ ሌላዋ ልጆቿን የምትተውለት ሰው የላትም፣ ሌላዋ ትፈራለች፣ ሌላዋ የትኛው ቢሮ እንደምትሄድ ግራ ይገባታል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ድጋፍ «መንገድ መሪዎችን» መደቡ። እነዚህ ሰዎች ሐኪሞች አልነበሩም። የሰፈሩን ሰው ኑሮና ቋንቋ የሚያውቁ፣ እብጠት የተገኘባትን ሴት ይዘው ሕክምና እስክታገኝ ድረስ የማይለቁ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2000 በዚያው ሆስፒታል ከታከሙ 325 ሕሙማን መካከል አምስት ዓመት በሕይወት የቆዩት ወደ 70 በመቶ ከፍ አሉ። እርግጥ ይህ ሁሉ የመንገድ መሪዎቹ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ነፃና አነስተኛ ክፍያ ያለው ምርመራም ድርሻ አለው። ሁለቱ ግን ተደጋግፈው ነው የሠሩት።

በበጎ ፈቃድ መርዳትም ቀደም ብሎ የተጀመረ ነው። ቴሬዝ ላሰር የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1952 ጡቷ በቀዶ ሕክምና ከተወገደ በኋላ፣ በሽታውን ያለፉ ሴቶች አዲስ ታማሚዎችን እየጎበኙ የሚያበረታቱበትን አገልግሎት መሠረተች።

በእኛ ሀገርስ?

በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚይዙ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው፤ ብዙዎቹም ወደ ሕክምና የሚመጡት ዘግይተው ነው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለነበር ታማሚዎች ከሩቅ ክፍለ ሀገር አዲስ አበባ ድረስ ይጓዙ ነበር። ማደሪያውና ምግቡ ከሕክምናው እኩል ያስጨንቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግብ አንዲት ሴት ምልክቱን ይዛ ወደ ጤና ተቋም ከመጣችበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ በሽታዋ ተለይቶ መታወቅ አለበት ይላል። በእነዚህ 60 ቀናት ከጤና ጣቢያ ሪፈር መጻፍ፣ በማሽን መታየት፣ ናሙና መስጠትና ውጤት መቀበል አለ። አንድ ቀጠሮ ካለፋት ሌላ ቀጠሮ ለማግኘት ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ እናንተም ታውቃላችሁ።

መንገድ መሪ ምን ትሠራለች?

1ኛ. ወረቀት ትይዛለች። የሪፈር ወረቀት፣ የናሙና ውጤትና ማዘዣ በአንድ ክላሰር ይቀመጣሉ። የቀጠሮ ቀናት በደብተር ይጻፋሉ፤ አንድ ቀን ሲቀረው ስልክ ትደውላለች።

2ኛ. አብራት ትገባለች። ሐኪምም ሆነ ፋርማሲስት ዘንድ ሦስት ጥያቄ ሳትጠይቅ አትወጣም፦ ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው? ይህ መድኃኒት እስከ መቼ ይወሰዳል? ምን ሲከሰት ሳንዘገይ እንመለስ?

3ኛ. የሐያእን ጉዳይ ታቃልላለች። ብዙ እህቶች ወንድ ሐኪም እንዳያያቸው ፈርተው ቤት ይቀራሉ። ሴት ሐኪም እንድትመረምራት መጠየቅ ይቻላል። ከሌለች ግን ዑለማዎቻችን ለሕክምና ሲባል አስፈላጊው ያህል እንዲታይ ይፈቅዳሉ።

4ኛ. ቤቱን ታያለች። ባልየውን ታነጋግራለች፤ ልጆቹን የሚይዝ ጎረቤት ትፈልጋለች። ለትራንስፖርት አቅም ከሌለ ለመስጂዱ ኮሚቴ ወይም ዘካ ለሚያወጣ ሰው ትናገራለች።

5ኛ. በረመዷን ታስታውሳታለች። ታሞክሲፈን በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ከሆነ በኢፍጣር ወይም በሱሑር ሰዓት ሊዋጥ ስለሚችል በጾም ምክንያት አይቋረጥም። ኬሞቴራፒ ላይ ያለች እህት ግን ሐኪሟን ሳታማክር አትጹም።

የማይፈቀድላትም አለ። የታማሚዋ ምስጢር አማና ነውና ለማንም አታወራም፤ ለደርስ ጓደኞቿም ቢሆን። «ትድኛለሽ» ወይም «አትድኚም» አትልም። መድኃኒት አታዝም፣ አታስቆምም። ጥቁር አዝሙድና ማር በቤታችን የተከበሩ ናቸው፤ ሩቅያም ይደረጋል። ነገር ግን አንዳቸውም የቀዶ ሕክምናን ወይም የክኒኑን ቦታ እንዲይዙ መፍቀድ የለባትም። ታማሚዋ የምትወስደው የባህል መድኃኒት ካለ ሳትደብቅ ለሐኪሙ እንድትናገር ታበረታታት።

ያቺን እናት ጠይቃችሁኝ ይሆናል። ወደ ሐኪማቸው ተመልሰው ሕክምናቸውን እንደገና ጀምረዋል። አሁን በየወሩ የምታመጣቸው በመስጂዱ የሴቶች ደርስ የሚያውቋት የጎረቤት ልጅ ናት። ደብተሯን ይዛ ትጠይቀኛለች፤ እኔም በመድኃኒቱ ካርቶን ላይ ተመልሰው የሚመጡበትን ቀን በትልቁ እጽፋለሁ። ያን መጻፍ የሚፈጅብኝ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም።

ውድ እህቶች፣ የታመመን መጠየቅ ከሙስሊም ሐቆች አንዱ መሆኑን ከልጅነታችን ተምረናል። ብርቱካን ይዞ ሄዶ ዱዓ አድርጎ መመለስ መልካም ነው። ከዚያ በኋላ ግን «ቀጠሮሽ መቼ ነው? አብሬሽ ልሂድ» ማለትን እንልመድ። በየመስጂዱ የሴቶች ክፍል ሁለትና ሦስት እህቶች ቢመደቡ፣ እያንዳንዳቸው አንዲት ታማሚ ቢይዙ ብዙ ነው። ዲግሪ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት፣ ደብተርና አማና ብቻ ነው የሚጠይቀው።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን፤ ለእኛም በመንገዳቸው ላይ የሚገኙ ረዳቶች ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።