ሥራ ከገባሁ ወዲህ ወተቴ ቀነሰ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ልደታ አካባቢ በአንድ የግል ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ሥራ ስገባ ልጄ ገና ሦስት ወሯ ነበር። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ወጥቼ ማታ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ እገባለሁ። ረፋዱ ላይ ጡቴ ይወጠርና ልብሴን ያረጥበዋል፤ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አልቤ እደፋዋለሁ። አሁን ወተቴ ቀንሷል። እናቴም «ሥራና ጡት አብሮ አይሄድም፣ የጣሳ ወተት ጀምሪላት» ትላለች። ያደረቀብኝ ሥራው ነው? አለቃዬንስ ምን ብዬ ልጠይቀው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወተትዎን የቀነሰው ሥራ መግባትዎ ሳይሆን ጡትዎ ለረጅም ሰዓት ሳይታለብ መዋሉ ነው። ጡት የሚያመርተው በወጣለት ልክ ነው። ሕፃን ሲጠባ ወይም ጡት ሲታለብ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ወተት እንዲመረት ያደርጋል፤ ኦክሲቶሲን ደግሞ የተመረተውን ገፍቶ ያወጣል። ጡቱ ሞልቶ ለሰዓታት ሲቆይ ምርቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ኦክሲቶሲን ከጭንቀት ጋር አይስማማም። ሰው በሩን እያንኳኳ፣ ቆመው እየተሳቀቁ ሲያልቡ ወተቱ አልወርድ የሚለው ለዚህ ነው። የልጅ ምግብ ደግሞ መጸዳጃ ቤት ውስጥ አይዘጋጅም።

ከእንግዲህ አይድፉት። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ አውራ ጣትዎን ከጡቱ ጫፍ ዙሪያ ካለው ጥቁር ክብ በላይ፣ ሌሎቹን ከሥር ያድርጉ። መጀመሪያ ወደ ደረት ገፋ፣ ቀጥሎ ጣቶቹን አቀራርቦ ጫን፣ ከዚያ ለቀቅ። ጫፉን መጎተት ሕመም እንጂ ወተት አያመጣም። በየ3 ሰዓቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ማሽን የግድ አይደለም። ተቀቅሎ የደረቀና ክዳን ያለው ዕቃ ይጠቀሙ። የሃይላንድ ጠርሙስ አይሆንም፣ መቀቀል አይችልምና።

የታለበ ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ 4 ቀን፣ በረዶ በተደረገበት ቦርሳ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ሲሞቅ ዕቃው ሙቅ ውሃ ውስጥ ይቀመጥ እንጂ ወተቱ እሳት ላይ አይጣድ። እርስዎ ሥራ ላይ ሲሆኑ ልጅዎን የሚይዛት ሰው በጡጦ ፋንታ በትንሽ ኩባያ ቢያጠጣት ይመረጣል። እርስዎም ከመውጣትዎ በፊት፣ እንደገቡና ሌሊት ያጥቧት። ፕሮላክቲን ሌሊት ስለሚጨምር የሌሊቱ ጡት ትልቅ ዋጋ አለው።

ወደ አለቃዎ እንምጣ። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። የቀድሞው አዋጅ 377 የሚሰጠው 60 ቀን ነበር፤ መሻሻሉ ትልቅ ነገር ነው። ግን እኛ ሐኪሞች «6 ወር የእናት ጡት ብቻ» እያልን እናትየዋ በ3ኛው ወር ቢሮ ከገባች፣ የቀረው 3 ወር የማን ኃላፊነት ነው? በ2008 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 ወር በታች ካሉ የአገራችን ሕፃናት የእናት ጡት ብቻ ይጠቡ የነበሩት 58 በመቶ ናቸው።

ለመንግሥት ሠራተኞች በ2010 የወጣው አዋጅ 1064 መሥሪያ ቤቶች እናቶች የሚያጠቡበትና ሕፃናትን የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። የግሉን ዘርፍ የሚገዛው አዋጅ ግን የማጥቢያ ዕረፍት ብሎ ለይቶ አላስቀመጠም። የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 183 በየቀኑ የሚሰጥና እንደ ሥራ ሰዓት የሚከፈልበት የማጥቢያ ዕረፍት ይጠይቃል፤ ሕጋችን እዚህ መድረስ አለበት ብዬ አምናለሁ። እስከዚያው መንገዱ ስምምነት ነው። ሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ በኅብረት ስምምነቱ እንዲገባ ያንሱት። ከሌለ ለአለቃዎ በጽሑፍ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ከምሳ ሰዓት ሌላ ረፋድና ከሰዓት በኋላ 20 ደቂቃ፤ ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል ከአንድ ወንበር ጋር (ስብሰባ የሌለበት አዳራሽ ወይም የዕቃ ክፍል ይበቃል)፤ በፍሪጅ ውስጥ ትንሽ ቦታ። እስከ መቼ እንደሚፈልጉም ይጻፉ፤ ጊዜው የተወሰነ ጥያቄ ለመፍቀድ ይቀላል።

ለእናትዎ በአክብሮት ይንገሯቸው፦ ወተቱ ሊመለስ ይችላል፤ ደጋግሞ ማለብና ማጥባት ከተጀመረ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ለውጥ ይታያል። ሕፃኗ ክብደት ካልጨመረች ወይም ሽንቷ ካነሰ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ጡትዎ ቀልቶ፣ ጠጥሮ፣ ትኩሳት ከመጣም በዚያው ቀን ይታከሙ፤ ሐኪም ካልከለከለዎት ማጥባቱን አያቋርጡ።

ይህን የምታነቡ አሠሪዎች፣ ከወሊድ የተመለሰች ሠራተኛ ካለቻችሁ እስክትጠይቃችሁ አትጠብቁ። የአንዱን ክፍል ቁልፍ ዛሬውኑ ስጧት።