ከቀዩ በሬ ፊት ለፊት

ሸጎሌ የከብት ገበያ፣ የፋሲካ ሰሞን። አንድ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር ሻይ የምትሸጥ ሴት ዘንድ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው አንድ ቀይ በሬ ታስሯል፤ ሰው ከቦታል።

ልጅ፦ አባባ፣ ሰው እየተሻማበት እኮ ነው። እኛ ቁጭ ብለን ሻይ እንጠጣለን?

አባባ፦ ጠጣ። ስኳሩን ግን ቀነስ አድርግ። ሆዱን አየኸው?

ልጅ፦ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። የጠገበ በሬ ነው።

አባባ፦ ከንፈሩንስ? ጨው ደርቆበታል። ሌሊት ጨው ያልሱታል፣ ጠዋት ከነጥማቱ ውሃ ያወርዱታል። ገበያ ሲደርስ ወፍሯል። ሁለት ሦስቴ ሲሸና ወፍራሙ በሬ የለም።

ልጅ፦ ሻጩ ብልህ ነዋ!

አባባ፦ ብልጥ ነው። ቃሉ ራሱ ከመብለጥ የመጣ ነው፤ አንተን ከበለጠህ ሥራው አለቀ። ግን ብልጠት እንዲሠራለት አንተ ማየት የለብህም፤ ድካሙ እዚህ ላይ ነው። የውጫሌን ውል ተምረሃል አይደል?

ልጅ፦ አንቀጽ 17! ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው። ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በጣልያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል አማርኛው። ጣልያን ግን የራሱን ቅጂ ይዞ ግዴታ አለባቸው አለ።

አባባ፦ አንዲት ግሥ። ወጥመዱ የሚይዘው ምኒልክ ከሌላ እስካልተጻጻፉ ድረስ ብቻ ነው። መንገሣቸውን ለማሳወቅ ለእንግሊዝና ለጀርመን ቢጽፉ «በጣልያን በኩል ይሁን» የሚል መልስ መጣላቸው። ተነቃ! ያቺ ግሥ ሰባት ዓመት ሳይሞላት ጣልያንን ዐድዋ አደረሰችው።

ልጅ፦ ታዲያ ብልህ የሚሉት ምን ያደረገውን ነው?

አባባ፦ መቀሌን እይ። ጥር 1888 ዓ.ም.፣ የጣልያኑ ማጆር ጋሊያኖ ጦር ምሽግ ውስጥ ነው። ግንቡን ልድፈር ብሎ የሄደ ብዙ ሰው አለቀ። እቴጌ ጣይቱ ግንቡን ትተው ውሃውን አዩ። ምንጩ ከምሽጉ ውጭ ነበር፤ አስያዙት። ወንዱ ሁሉ ግንብ ግንቡን ሲያይ፣ እሳቸው «እዚያ ውስጥ ያለው ሰው ነገ ምን ይጠጣል?» ያሉ ይመስለኛል። ብዙ ሰው ቀልበው የሚያውቁ ሴት ናቸዋ!

ልጅ፦ ከዚያ ግን ምኒልክ እነ ጋሊያኖን ለቀቋቸው። ያውም ከነመሣሪያቸው፣ በቅሎ ተፈልጎላቸው! ይሄ ነገር ሁሌ ያናድደኛል።

አባባ፦ ያን ጊዜም የተናደደ አይጠፋም። ግን አስብ። ጣልያን አዲግራት ላይ መሽጎ እየጠበቀ ነው፤ ቀጥ ብለህ ብትሄድለት ሌላ ግንብ፣ ሌላ እልቂት ነው። እነ ጋሊያኖ እየተሸኙ፣ የጣልያን ዓይን የገዛ ሰዎቹ ላይ እንዳለ፣ ሠራዊቱ በሐውዜን በኩል ወደ ዐድዋ ዞረ።

ልጅ፦ እንዲያ ከሆነ ምሕረት አልነበረማ፤ ስሌት ነው።

አባባ፦ ለምን አንዱን ብቻ ታደርገዋለህ? የተጠማን ሰው በሕይወት መልቀቅ ምሕረት ነው። መቼና በየት በኩል እንደምትለቀው ማወቅ ደግሞ ማስተዋል ነው። አንዱ ሌላውን አያበላሸውም።

ልጅ፦ እሺ፣ ብልጡን ከብልህ በምን ልለየው?

አባባ፦ ነገሩ ሲገለጥ ምን ይቀራል ብለህ ጠይቅ። የውጫሌው ተንኮል ሲነበብ አለቀ። የመቀሌውን ግን ለጋሊያኖ ቁጭ ብለህ አንድ በአንድ ብታስረዳው ጥሙን አትቆርጥለትም።

ልጅ፦ (ድንገት) አባባ፣ በሬው ሸና።

አባባ፦ ሦስተኛው ነው። በግራ በኩል፣ ከጎድኑና ከዳሌው መሃል ያለችውን ጎድጓዳ አየሃት? ቅድም አልነበረችም።

ልጅ፦ አሁን ዋጋው ይወርዳል። ሄጄ ልከራከር?

አባባ፦ ለቀዩ ማን መጣ? ከበስተኋላው ያለውን ጥቁር አታየውም? ከመጣን ጀምሮ ሆዱ ያው ነው፤ ያመሰኳል። ጥርሱን ጠዋት አይቼዋለሁ፣ ስምንቱም ወጥቶለታል። ሰው ቀዩ ላይ ሲረባረብ ባለቤቱ ብቻውን ቆሞ ሲያዛጋ ነበር።

ልጅ፦ እና ይሄን ሁሉ ሰዓት ወደ ቀዩ ዞረው የተቀመጡት... አባባ፣ ይሄስ ብልጠት አይደለም?

አባባ፦ (እየሳቁ) ተገቢውን ዋጋ እንሰጠዋለን፣ አትፍራ። በል የሻዩን ክፈል፤ ሰዉ ከቀዩ ዓይኑን ሳያነሳ እንድረስ።