አገልጋይ በነቀፋ ጊዜ እንዴት ይጸናል?

ቤተ ክርስቲያንን ሊያገለግል የተጠራ ሰው፥ ጳጳስም ይሁን ቄስ፥ ዲያቆንም ይሁን ሰባኪ፥ በሕዝብ ፊት የሚቆም ነውና ከሰው አንደበት ሊሰወር አይችልም። ቢያስተምር ዕውቀቱን ሊያሳይ ነው ይባላል፤ ዝም ቢል ፈርቶ ነው ይባላል። መጥምቁ ዮሐንስ በጾሙ ምክንያት ታማ፤ ጌታችንም ከኃጢአተኞች ጋር በማዕድ በመቀመጡ ተነቀፈ (ማቴ. 11፥18-19)። ጌታው ያላመለጠውን ነቀፋ ሎሌው አመልጣለሁ ቢል ከንቱ ተስፋ ነው።

ነቀፋ ዱሮም ነበረ። ነገር ግን ቀድሞ ከደጀ ሰላም ተነሥቶ ገበያ እስኪደርስ ቀን ይፈጅበት የነበረው ወሬ፥ ዛሬ በእጅ ስልክ በጥቂት ደቂቃ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ይደርሳል። የአንድ ሰዓት ስብከት መካከሉ ተቈርጦ የአንድ ደቂቃ ክስ ይሆናል፤ ተናጋሪው ስሙን ሳይገልጥ ይናገራል፤ ሰሚውም ሳይመረምር ያስተላልፋል። ከዚህም የተነሣ አንዱ አገልጋይ ልቡ ይሰበርና አገልግሎቱን ይተዋል፤ ሌላው በቍጣ ተነሥቶ ስድብን በስድብ ይመልሳል። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው መንጋው ነው፤ በአንደኛው ጠባቂ ያጣል፥ በሁለተኛው ጠባቂው ሲሳደብ ይሰማል። እንግዲህ አገልጋይ በዚህ መካከል እንዴት ሊጸና ይገባዋል? ይህን ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከአባቶች ታሪክ እንመልከት።

1ኛ፤ ምክርንና ሐሜትን መለየት ያስፈልጋል።

ነቀፋ ሁሉ ሐሰት አይደለም። ሊቀ ነቢያት ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ሕዝቡን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር አየና አሠራሩ እንደማይበጅ፥ እርሱም ሕዝቡም እንደሚደክሙ ገለጠለት (ዘፀ. 18)። ሙሴ ከእግዚአብሔር ጋር የሚነጋገር ነቢይ ሲሆን የምድያሙን ካህን ምክር አልናቀም፤ ሰምቶ ሥራውን አስተካከለ። በሌላ ጊዜ ግን እኅቱ ማርያምና ወንድሙ አሮን ኢትዮጵያዊት ሴት ስላገባ አሙት (ዘኍ. 12)። ላይ ላዩን ነገሩ የጋብቻ ይምሰል እንጂ ውስጡ የነቢይነት ክብር ፉክክር ነበረ። ሙሴ በዚያን ጊዜ ለራሱ አልተከራከረም፤ ፍርዱን ለእግዚአብሔር ተወ። ማርያም በለምጽ በተመታች ጊዜም እንድትፈወስ የጮኸላት ያው የታማው ሙሴ ነው።

ልዩነቱን እናስተውል። ዮቶር ለሙሴ ነገረው፤ ማርያምና አሮን ስለ ሙሴ ተናገሩ። ዮቶር ጕድለቱን ሲያሳይ መድኃኒቱንም ጨምሮ ሰጠ፤ እነርሱ ግን ክብሩን ከመንካት በቀር ያመጡት ምክር አልነበረም። ስለዚህ አገልጋይ ነቀፋ ሲሰማ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፦ የተነገረው እውነት ነውን? ብሎ ነው። እውነት ከሆነ፥ የተናገረው ሰው ጠላት እንኳ ቢሆን፥ መታረም ይገባል። ራሱን ሳይመረምር ተቺውን ሁሉ አሳዳጅ የሚያደርግ ሰው ጽኑ አይባልም፤ ግትር ይባላል እንጂ።

2ኛ፤ መልሱ አጭር፥ ሥራው ረጅም ይሁን።

ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያሠራ ሰንባላጥና ጌሳም ከሥራው ሊያስወጡት 4 ጊዜ ላኩበት፤ እርሱም 4 ጊዜ ያንኑ መልስ መለሰ። በ5ኛው ጊዜ ሰንባላጥ ያልታተመ ደብዳቤ ላከ (ነህ. 6)። ደብዳቤው ክፍቱን መላኩ በከንቱ አልነበረም፤ ነህምያ ሊነግሥ ዐምፆአል የሚለው ወሬ በመንገድ ሁሉ እንዲነበብ ነው እንጂ። የዛሬውም ነቀፋ እንደዚያ ያለ ክፍት ደብዳቤ ነው፤ ለተነቃፊው የተጻፈ ይመስላል፥ የታሰበው አንባቢ ግን ሌላው ሕዝብ ነው። ነህምያ ነገሩ ፈጠራ መሆኑን በአጭር ቃል አስታወቀ፤ እግዚአብሔር እጁን እንዲያበረታለት ጸለየ፤ ከዚያም ወደ ሥራው ተመለሰ። ቅጥሩም በ52 ቀን ተፈጸመ። ለእያንዳንዱ ወሬ መልስ ሲሰጥ ቢውል ኖሮ ያ 52 ቀን በክርክር ባለቀ፥ ሰንባላጥም የፈለገውን ባገኘ ነበር።

3ኛ፤ እውነትን በማስረጃና በትዕግሥት መጠበቅ ይገባል።

ከአባቶች መካከል በክስ ብዛት የተፈተነውን ቅዱስ አትናቴዎስ ሐዋርያዊን እንመልከት። (የሚከተሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ325 በተደረገው የኒቅያ ጉባኤ ገና ዲያቆን ሳለ ከሊቀ ጳጳሱ ከእለእስክንድሮስ ጋር ተገኘ፤ በ328 በመንበረ ማርቆስ ተቀመጠ። የአርዮስ ወገኖችና የሜሊጦስ ተከታዮች በትምህርት ሊረቱት ባልቻሉ ጊዜ ስሙን ሊያጠፉ ተነሡ። አርሳንዮስ የሚባለውን ኤጲስ ቆጶስ አስገድሎ እጁን ለጥንቈላ አስቈረጠ አሉ፤ የተቈረጠ የሰው እጅም ማስረጃ ብለው አሳዩ። ደግሞም ኢስኪራስ በሚባል ሰው ዘንድ ቅዱስ ጽዋ አሰብሮአል ብለው ከሰሱት።

አርሳንዮስ ግን ተሸሽጎ ነበር እንጂ አልሞተም። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሶቅራጥስ እንደሚተርከው፥ በ335 በጢሮስ በተደረገው ጉባኤ ቅዱስ አትናቴዎስ አርሳንዮስን በልብስ ሸፍኖ አቀረበው፤ አንዱን እጁን፥ ቀጥሎም ሁለተኛውን ገልጦ አሳየና፥ ሦስተኛው እጅ ከየት እንደ ተቈረጠ ከሳሾቹ እንዲያመለክቱ ጠየቃቸው።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ሐሰቱ በዓይን ታይቶ ሳለ ጉባኤው አልለቀቀውም። ስለ ጽዋው እንዲመረምሩ የተላኩት ባላጋራዎቹ ነበሩና ተፈረደበት። ቀጥሎም ከእስክንድርያ ወደ ቍስጥንጥንያ የሚጫነውን እህል ሊያግድ ዝቶአል የሚል አዲስ ክስ ቀረበና፥ ንጉሡ ቈስጠንጢኖስ ዛሬ በጀርመን አገር ወዳለችው ወደ ትሪየር ከተማ አጋዘው። ንጹሕ መሆን ሁልጊዜ ወዲያው ነጻ አያወጣም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ አገልጋይ ይህን «ማደር» የሚችል ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ቅዱስ አትናቴዎስም ኢስኪራስ ተገድዶ እንደ ተናገረ በጽሑፍ ያመነበትን ደብዳቤ፥ አርሳንዮስም ከእርሱ ጋር አንድነትን የለመነበትን ደብዳቤ ጠብቆ፥ ስለ ራሱ በጻፈው የመከላከያ መጽሐፍ ውስጥ አኖራቸው። ዛሬ የምናነባቸው ስላስቀመጣቸው ነው።

4ኛ፤ የመከራው ጊዜ የሥራ ጊዜ ይሁን።

ቅዱስ አትናቴዎስ በ45 ዓመት የመንበሩ ዘመን 5 ጊዜ ተሰደደ፤ በስደት ያሳለፈውም በጠቅላላው 17 ዓመት ያህል ነው። በየካቲት 356 በሌሊት ወታደሮች ቤተ ክርስቲያኑን ከበቡ። እርሱ በመንበሩ ተቀምጦ መዝሙር እንዲዘመር አዘዘ፤ ሕዝቡ አስቀድሞ ይውጣ ብሎ አልነቃነቅም አለ፤ በመጨረሻ መነኰሳቱና ካህናቱ ይዘውት ወጡ። ከዚያም 6 ዓመት ያህል በግብፅ ምድር በመነኰሳት መካከል ተሰወረ። ፈርቶ ሸሸ ብለው በነቀፉት ጊዜ አንድ መልስ ጻፈ፤ የቀረውን ጊዜ ግን ለሚበልጠው ሥራ አዋለው። የቅዱስ እንጦንስን ገድልና ስለ መንፈስ ቅዱስ አምላክነት ለሰራፕዮን የላካቸውን መልእክታት የጻፈው በዚያ ስደት ነው። የከሳሾቹን ንግግር ዛሬ የሚያውቅ ጥቂት ሲሆን፥ ገድለ እንጦንስ ግን በየገዳማቱ ይነበባል።

ይህ ነገር የእኛንም አገር የነካ ነው። ቅዱስ ፍሬምናጦስን፥ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፥ የሾመልን ቅዱስ አትናቴዎስ ነውና፥ ንጉሡ ቍስጠንጢዮስ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፥ ፍሬምናጦስ በአርዮሳዊው በጊዮርጊስ ፊት እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ ይላክ አለ፤ አትናቴዎስንም በብዙ ኃጢአት ከሰሰው። ክሱ ባሕር ተሻግሮ እስከ አክሱም ደርሶ ነበር ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ግን በኒቅያ ሃይማኖት ጸናች፤ ያ የተከሰሰው አባትም በየዓመቱ ግንቦት 7 ቀን ይታሰባል።

5ኛ፤ ድል ሲመጣ ይቅርታ ይከተል።

ቅዱስ አትናቴዎስ በ362 ወደ መንበሩ ሲመለስ በእስክንድርያ ጉባኤ ሰበሰበ። በዚያም በማስገደድ ወይም በመታለል ከአርዮሳውያን ጋር የተባበሩት፥ የኒቅያን ሃይማኖት ቢቀበሉ በየውሃት እንዲመለሱ ተወሰነ። ብዙ ዘመን የተሰደበ ሰው ቂም ለመያዝ ምክንያት አያጣም፤ ነገር ግን ቂም የያዘ እረኛ የተበተነውን በግ ሊሰበስብ አይችልም።

እንግዲህ በነቀፋ ላይ ያለህ አገልጋይ ሆይ፥ ብቻህን አትቀመጥ። ለንስሐ አባትህ ንገር፤ እውነቱን በሚነግርህ ሽማግሌ አስመርምር፤ ጸሎትህንም ስለ ራስህ ብቻ ሳይሆን ስለሚነቅፉህም አድርግ። የጀመርከውንም ትምህርት አታቋርጥ፤ ያንተን ቃል ጠብቆ የሚመጣው ሕፃን ስለ አንተ የተወራውን አያውቅምና።

ምእመን ሆይ፥ አንተም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለህም። ሐሰተኛው እጅ ማስረጃ ሊሆን የቻለው ያየው ሰው ሁሉ አርሳንዮስ ወዴት ነው ብሎ ስላልጠየቀ ነው። ስለ አገልጋይህ ክስ ሲደርስህ ሳትመረምር አትፍረድ፤ ሳታረጋግጥ ለሌላው አታስተላልፍ፤ እውነተኛ ጕድለት ብታይ እንደ ዮቶር ቀርበህ ለራሱ ንገረው። ሙሴን ያዳነው እንዲህ ያለው ምክር ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።