ቀለበቱ 3.05 ነው፤ ዝላዩስ?

የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ የኤንቢኤ ተጫዋች ሲዘል ከመሬት ምን ያህል ይነሳል? በከተማችን በመካነ ሰላም ኳስ የሚወዱ ተማሪዎችን ብትጠይቁ መልሱ ከአንድ ሜትር ተኩል ይጀምራል። ሁለት ሜትር የሚልም አይጠፋም፤ ካላመናችሁት ስልኩን አውጥቶ ጭንቅላቱ ቀለበቱ አጠገብ የደረሰ ተጫዋች ያሳያችኋል። ቪዲዮው እውነት ነው። ነገር ግን ሁለት ሜትር ቁመት ያለው ሰው 90 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከዘለለ አናቱ 2.90 ላይ ይደርሳል፤ ከቀለበቱ በታች አንድ ስንዝር ያህል ቢቀረው ነው። ስናይ የተደነቅንበት ከፍታ ሁለት ሦስተኛው ከወላጆቹ የወረሰው ቁመት ነው ማለት ነው። ዝላዩ ቀሪው ነው።

ቀለበቱ ራሱ 3.05 ሜትር ላይ የተሰቀለው ሰው ምን ያህል እንደሚዘል ተጠንቶ አይደለም። በ1891 እ.ኤ.አ. ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል መምህር፣ አሜሪካ ስፕሪንግፊልድ በሚገኘው የወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ጨዋታውን ሲፈጥር፣ ሁለት የኮክ ቅርጫቶች በአዳራሹ ሰገነት አጥር ላይ አስቸነከረ። አጥሩ አሥር ጫማ ከፍታ ላይ ነበር፤ በቃ፣ ዓለም ሁሉ እስካሁን በዚያ ሰገነት ልክ ይጫወታል። አዲስ አበባ ያደጉ አዛውንቶች ወወክማ ሲባል ቅርጫት ኳስ ትዝ የሚላቸው እንግዲህ ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለት ሜትር የሚረዝም ተጫዋች መሬት ላይ ቆሞ አንድ እጁን ሲዘረጋ ጣቱ 2.65 ሜትር አካባቢ ይነካል። ቀለበቱን ለመንካት 40 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። ኳስ ይዞ ከላይ ለመክተት፣ ማለትም ዳንክ ለማድረግ፣ እጁ ከቀለበቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለት ስላለበት 55 ገደማ ያስፈልገዋል። 55 ሴንቲ ሜትር ደግሞ በየትምህርት ቤቱ ሜዳ መረብ ኳስ ደህና አድርጎ የሚመታ ልጅ የሚዘለው ነው። ልጁ ዳንክ የማያደርገው መዝለል ስላቃተው ሳይሆን ክንዱ ከታች ስለሚጀምር ነው።

በዚህ ሂሳብ ካየነው፣ ለእኔ ከታላላቆቹ ዘላዮች መካከል ክርክር የማያስነሳው ስፐድ ዌብ ነው። ቁመቱ 1.70 ሜትር ገደማ ነበር፤ መርካቶ ውስጥ ቢሄድ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። በ1986 እ.ኤ.አ. ዳላስ ላይ በተደረገው የኤንቢኤ የዳንክ ውድድር የቡድን ጓደኛውን ዶሚኒክ ዊልኪንስን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። እጁን ዘርግቶ 2.20 ይደርሳል ብንል፣ ኳሱን ለመክተት አንድ ሜትር መነሳት ነበረበት። እዚህ ላይ ቁመት ምንም አላገዘውም፤ ሥራው ሁሉ የእግር ነው።

እንግዲህ መለካት ያለበት በሁለት ከፍታዎች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ቆሞ የሚነካውና ዘሎ የሚነካው። አለካኩ ቀላል ስለሆነ ጠመኔና ሜትር ያለው የስፖርት መምህር ሁሉ ሊሠራው ይችላል። ልጁ በጎኑ ግድግዳው አጠገብ ይቆማል፤ ተረከዙ መሬት እንደነካ፣ በግድግዳው በኩል ያለውን ክንዱን እስከመጨረሻው ዘርግቶ የጣቱን ጫፍ በጠመኔ አቧራ ነክሮ ያትማል። ከዚያ ይዘላል፤ ሁለተኛውን ምልክት ያትማል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ዝላዩ ነው። ማታለያው ያለው በመጀመሪያው ምልክት ላይ ነው። ልጁ ሲቆም ትከሻውን ጥቂት ቢያወርድ፣ ክርኑን በትንሹ ቢያጥፍ፣ የመጀመሪያው ምልክት ዝቅ ይላል፤ ዝላዩም ሳይዘለል ያድጋል። አምስት ሴንቲ ሜትር በዚህ መንገድ ማግኘት የልጅ ጨዋታ ነው። መምህሩ ከኋላ ቆሞ ክንዱን ከብብቱ ወደ ላይ ገፋ ካላደረገለት በቀር የሚለካው ዝላይ ሳይሆን ተንኮል ነው።

ትልልቆቹም የሚለኩት በዚሁ የጣት ከፍታ ልዩነት ነው። ኤንቢኤ ለመግባት የሚፈልጉ ወጣቶች በየዓመቱ አንድ ላይ ተሰብስበው ሲለኩ፣ ግድግዳ ሳይሆን በብረት ዘንግ ላይ የተደረደሩ የፕላስቲክ ልሳኖች አሉ፤ ዘላዩ የነካቸው ገለል ይላሉ። ከቆሙበት የሚዘሉት በአማካይ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ተንደርድረው ሲሆን ወደ 90 ይጠጋል። ተመልካቹ ከሚገምተው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ከዚያ እጅግ የሚርቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፦ በ2001 እ.ኤ.አ. ኬኒ ግሪጎሪ 45 ተኩል ኢንች፣ ማለትም 115.6 ሴንቲ ሜትር፤ በ2021 ኪዮን ጆንሰን 48 ኢንች፣ ወደ 122 ሴንቲ ሜትር። ጆንሰን ሪከርዱን ሰብሯል፤ ግን ይህ ቁጥር የጣት ከፍታ ልዩነት እንጂ የመላ ሰውነት መነሳት እንዳልሆነ ልብ በሉ። ሰው አየር ላይ ሆኖ አንድ እጁን ሲሰቅል ትከሻው ያዘነብላል፣ ጎኑ ይዘረጋል፤ ከቁጥሩ የተወሰነው ከእግር ሳይሆን ከዚያ የመጣ ነው።

ታዲያ የማይታለል መለኪያ የለም? አለ፤ ሰዓት ነው።

ሰው እግሩ መሬት ከለቀቀበት ቅጽበት ጀምሮ ከወንጭፍ እንደወጣ ድንጋይ ነው። አየር ላይ ሆኖ ቢራገጥ፣ ክንዱን ቢያወናጭፍ፣ የክብደቱ ማዕከል የሚደርስበትን ከፍታ በአንድ ጣት አይጨምርም። ከፍታውና አየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ አንዱ ያለ ሌላው አይሆኑም፦ ጊዜውን በሰከንድ ወስዳችሁ በራሱ አባዙት፣ ከዚያ በ1.22 አባዙት፤ የተዘለለው ከፍታ በሜትር ይወጣል። ግማሽ ሰከንድ የቆየ 30 ሴንቲ ሜትር ዘሏል። 0.7 ሰከንድ የቆየ 60። 0.9 የቆየ አንድ ሜትር። አንድ ሙሉ ሰከንድ የቆየ 1.22 ሜትር፤ ይህ ደግሞ በትክክል ያ ዝነኛ 48 ኢንች ነው።

“ሁለት ሰከንድ አየር ላይ ቆመ” የሚል ካጋጠማችሁ ይህን ሂሳብ ሥሩለት። 4.9 ሜትር ይመጣል። ቀለበቱ የተሰቀለበት ሰሌዳ የላይኛው ጫፍ 3.95 ሜትር ላይ ስለሆነ፣ ያ ተጫዋች በጫማው ሰሌዳውን አልፎ ሄዷል ማለት ነው። ከሰሌዳው አናት ላይ ሳንቲም ያነሳ ነበር እየተባለ የሚወራለት የሀርለሙ ኧርል ማኒጎልት እንኳ፣ 1.85 ሜትር ገደማ ለሆነ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል መዝለል ነበረበት። ወሬው ጥሩ ነው፤ እኔ ግን አላምነውም።

የማይክል ጆርዳንስ? እሱም 48 ኢንች ይዘላል ሲባል ኖሯል። በ1988 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ ከቅጣት መወርወሪያው መስመር ተነስቶ ኳሱን የከተተበትን ዝላይ ያላየ የለም። አየር ላይ የቆየው 0.92 ሰከንድ ገደማ እየተባለ ይጠቀሳል። ስናባዛው 1.03 ሜትር ይሆናል። ከ1.22 ይልቅ ዝቅ ይላል፤ ሲያርፍ ጉልበቱን ስለሚያጥፍ ደግሞ እግሩ መሬት የሚነካው ዘግይቶ ነው፤ እውነተኛው ከዚህም ጥቂት ያንሳል። በዚህ የሚከፋ አይኑር። አንድ ሜትር አካባቢ፣ በሩጫ ላይ፣ ኳስ ይዞ! ከዚህ በላይ የሚነሳ ሰው ጥቂት ነው።

ለምን ታዲያ የተንሳፈፈ ይመስለናል? አንድ ሜትር የሚዘል ሰው ከመሬት ሲነሳ ፈጣን ነው፤ እየወጣ ሲሄድ ይዘገያል፣ ጫፍ ላይ ለቅጽበት ይቆማል፣ ከዚያ እየፈጠነ ይወርዳል። ሂሳቡ ሲሠራ፣ አየር ላይ ከሚቆይበት ጊዜ ግማሹን የሚያሳልፈው በላይኛው ሩብ ከፍታ ነው፤ ከ0.9 ሰከንድ 0.45ቱን በመጨረሻዎቹ 25 ሴንቲ ሜትር ውስጥ። ዓይን የሚያስታውሰው ያንን ነው።

ይህን በእጅ ስልክ መለካት ይቻላል። በተለመደው ቪዲዮ በሰከንድ 30 ምስል ብቻ ስለሚያዝ፣ 60 ሴንቲ ሜትር የሚዘል ልጅ አየር ላይ የሚታየው በ21 ምስል ነው፤ አንዷን ከሳታችሁ ስድስት ሴንቲ ሜትር ተሳሳታችሁ። በስሎው ሞሽን፣ በሰከንድ 120 ምስል ከተቀረጸ፣ አንድ ምስል መሳት ከሴንቲ ሜትር ተኩል አይበልጥም። ስልኩን መሬት ላይ አስደግፉት፤ ጫማው ብቻ ይታይ። ጣቱ መሬት ከለቀቀበት ምስል እስከነካበት ምስል ቁጠሩ። ልጁ ሲያርፍ እግሩን ሰብሰብ ካደረገ አትቀበሉት፤ ቀጥ ብሎ በጣቱ ይረፍ።

አሁን ወደ ራሳችን አየር እንምጣ። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል 2600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከደሴ በአቀስታ በኩል የመጣ ሰው ከዚህም ከፍ ያለ ደጋ አቋርጦ ነው የሚደርሳት። “እዚህ አየሩ ቀጭን ስለሆነ ሰው የበለጠ ይዘላል” ሲባል እሰማለሁ፤ አነጋገሩ መሠረት አያጣም። በ1968 እ.ኤ.አ. ኦሎምፒክ ሜክሲኮ ሲቲ፣ 2240 ሜትር ላይ፣ ቦብ ቢመን በርዝመት ዝላይ 8.90 ሜትር ዘሎ የዓለም ሪከርዱን በ55 ሴንቲ ሜትር አሻሻለ። ማሞ ወልዴ ማራቶን ያሸነፈው በዚያው ኦሎምፒክ ነው። በዚያው ከተማ፣ በዚያው አየር፣ ዲክ ፎስበሪ በከፍታ ዝላይ ሲያሸንፍ ግን 2.24 ሜትር ነው የዘለለው፤ ቫለሪ ብሩሜል ከአምስት ዓመት በፊት ያስመዘገበው 2.28 አልተነካም። ቀጭን አየር የሚጠቅመው በፍጥነት የሚሮጠውን ነው። ቢመን ሲንደረደር በሰከንድ አሥር ሜትር አካባቢ ይከንፍ ነበር፤ ወደ ላይ አንድ ሜትር የሚዘል ሰው ግን መነሻ ፍጥነቱ 4.4 ሜትር በሰከንድ ነው፤ ያውም ወዲያው ይቀንሳል። አየሩ የሚይዘው ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቆጠርም። አየራችን ከባሕር ዳርቻው አንድ አራተኛ ያህል ቢሳሳም፣ ትርፉ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

የመሬት ስበትስ? እሱም ይለያያል፤ ወደ ምድር ወገብ ስንቀርብና ከፍ ስንል ይላላል። ቺካጎ ላይ 9.80 ሲሆን መካነ ሰላም ላይ 9.77 ገደማ ነው። ቺካጎ አንድ ሜትር የሚዘል ሰው እዚህ መጥቶ በዚያው ጉልበት ቢዘል 1.003 ይዘላል። ሦስት ሚሊ ሜትር። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጋ የወጣ ዘላይ ደግሞ ከስበቱ የሚያተርፈው ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ጫማ መቀየር ይሻለዋል። ኳሱ ግን ሌላ ነው፦ ቀላልና ትልቅ ስለሆነ አየር ይይዘዋል፤ ከቆላ የመጣ ተኳሽ በለመደው ጉልበት ቢወረውር ኳሱ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ይረዝምበታል።

ዝላይን ይበልጥ የሚወስነው አየሩ ወይም ስበቱ ሳይሆን ጡንቻው ነው። ዘላይ መሬቱን የሚገፋው በሩብ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ስለሆነ፣ ቶሎ የሚኮማተሩ የጡንቻ ክሮች ያስፈልጉታል። ሯጮቻችን የታደሉት በተቃራኒው፣ ሳይደክሙ ደጋግመው በሚሠሩት ክሮች ነው። ስለዚህ የማራቶን አገር መሆናችን ዘላይ አያደርገንም፤ ዘላይ እንዳይወጣብንም አያግድም።

ደጋው የሚለየው በሌላ በኩል ነው። አንድ ዝላይ ጡንቻው ውስጥ አስቀድሞ በተቀመጠ ጉልበት የሚሠራ ስለሆነ ኦክስጅን አይጠብቅም። ከዝላይ እስከ ዝላይ ድረስ ያንን ጉልበት መልሶ ለመሙላት ግን ኦክስጅን የግድ ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ የመጀመሪያ ዝላዩ አገሩ ከሚዘለው አያንስም፤ የጨዋታው አራተኛ ሩብ ላይ ነው የሚለየው፤ የደጋው ልጅ ሲነሳ እሱ ያለከልካል። ይህን ለማየት ያው ግድግዳና ያው ጠመኔ ይበቃል፦ ጨዋታው ሳይጀመር አንዴ፣ እንዳለቀ ወዲያው አንዴ ለክታችሁ፣ የእንግዳውንና የደጋውን ልጅ ልዩነት ጎን ለጎን ጻፉት።