ስለራሱ የማይናገር ፋይል፦ ለፓራቪው አንባቢ ፕሮግራም አጻጻፍ

አንድ ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ የከፍታ ልኬቶችን በሰንጠረዥ ዘርዝረን ብናትማቸው ተራራው የትኛው፣ ሸለቆው የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ለማወቅ ሳምንታት አይበቁንም። እነዚያኑ ልኬቶች በሥዕል ስናያቸው ግን ዓይናችን በአንድ አፍታ ይለያቸዋል። ለዚህ ተግባር ከተዘጋጁት ሶፍትዌሮች አንዱ በነጻ የሚሰራጨው ፓራቪው ነው። ፓራቪው ቪቲኬ በተባለው የሥዕላዊ መግለጫ ላይብረሪ ላይ የቆመ ሲሆን፣ ከግል ኮምፒዩተር አንሥቶ በርካታ ኮምፒዩተሮች ተጣምረው እስከሚሠሩባቸው ማእከላት ድረስ ያገለግላል።

ይሁን እንጂ ማንኛውም ሶፍትዌር የሚያነበው ያስተማሩትን የፋይል ዓይነት ብቻ ነው። በቤተ ሙከራ የተሠራ መሣሪያ ወይም አንድ ተማሪ ለመመረቂያው የጻፈው ፕሮግራም የሚያወጣውን ፋይል ፓራቪው አያውቀውም። በዚህን ጊዜ መፍትሔው የራስን አንባቢ ፕሮግራም መጻፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ አንድ እውነተኛ የፋይል ዓይነት ይዘን አንባቢው ምን ምን ማድረግ እንዳለበት እንመለከታለን።

ምሳሌያችን ኤችጂቲ የተባለው የመሬት ከፍታ ፋይል ነው። መረጃው የተሰበሰበው በየካቲት 1992 ዓ.ም. (በፌብሩዋሪ 2000 እ.ኤ.አ.) ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር፣ 60 ሜትር በሚረዝም ዘንግ የተራራቁ አንቴናዎችን ይዛ፣ ለ11 ቀናት ባካሄደችው የራዳር ቅየሳ ነው። ቅየሳው ከ60 ዲግሪ ሰሜን እስከ 56 ዲግሪ ደቡብ ኬክሮስ ያለውን የብስ ያካተተ በመሆኑ አገራችንም ሙሉ በሙሉ ተሸፍናለች። ኤችጂቲን የሚያነቡ ጂዳልን የመሰሉ የተዘጋጁ ላይብረሪዎች መኖራቸው እሙን ነው። የመረጥነው አጭር ስለ ሆነና ሊያጋጥሙ የሚችሉት ወጥመዶች ሁሉ ስላሉበት ነው።

የዚህ ፋይል ዋና ጠባይ ራስጌ የሌለው መሆኑ ነው። ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው የተደረደረው ከፍታ ብቻ ነው። ስንት ረድፍ እንዳለው፣ ልኬቱ በሜትር ይሁን በጫማ፣ የየት አገር መሬት እንደ ሆነ አንድም ቃል አይናገርም። ሥፍራውን የምናውቀው ከስሙ ነው። «ኤን13ኢ038» የሚለው ስም የፋይሉ ደቡብ ምዕራባዊ ማእዘን በ13 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ38 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ እንደሚያርፍ ይገልጻል። ራስ ዳሸን የሚገኘው በዚህ ፋይል ውስጥ ነው። ስሙን ለውጦ «ተራራዬ» ብሎ ያስቀመጠ ሰው ተራራውን ከምድር ነቅሎታል ማለት ነው።

ስፋቱን ደግሞ ከክብደቱ እናሰላለን። ፋይሉ 2,884,802 ባይት ከሆነ፣ እያንዳንዱ ልኬት ሁለት ባይት ስለሚይዝ 1,442,401 ልኬቶች አሉ፤ የዚህም ካሬ ሥር 1201 ነው። ስለዚህ 1201 ረድፍና 1201 ዓምድ አለው። ጥራቱ ከፍ ያለው ፋይል 25,934,402 ባይት ሲሆን በየአቅጣጫው 3601 ልኬቶችን ይይዛል። አንባቢ ፕሮግራማችን በቅድሚያ ይህን ስሌት ሠርቶ፣ ከሁለቱ ቁጥሮች በአንዱ ካልገጠመለት ንባቡን አቁሞ ለተጠቃሚው ማሳወቅ አለበት። በግማሽ ተቆርጦ የወረደ ፋይል የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የባይቶች ቅደም ተከተል ይመጣል። በአማርኛ «ሃያ አምስት» ስንል ትልቁን እናስቀድማለን፤ ዐረብኛ ተናጋሪ ግን አምስቱን አስቀድሞ «አምስትና ሃያ» ይላል። ኮምፒዩተሮችም እንዲሁ ናቸው። ኤችጂቲ ትልቁን ባይት ያስቀድማል፤ አብዛኞቹ የዛሬ የግል ኮምፒዩተሮች ግን ትንሹን ያስቀድማሉ። የራስ ዳሸንን ከፍታ 4,550 ሜትር ብለን ብንወስድ፣ በፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው በ17 እና በ198 ነው፤ 17 በ256 ሲባዛና 198 ሲደመርበት 4,550 ይሰጣልና። ቅደም ተከተሉን ገልብጠን ካነበብነው ግን የአገራችን ከፍተኛ ተራራ ከባሕር ወለል በታች 14,831 ሜትር ወርዶ ይገኛል።

እንዲህ ያለው ስሕተት በአንድ በኩል ደግ ነው። ሥዕሉ እንደ ተበጠበጠ አሸዋ ስለሚሆን ማንም አይታለልበትም። የሚያሠጋው ሥዕሉን ውብ አድርጎ የሚተወው ስሕተት ነው።

የኤችጂቲ የመጀመሪያው ረድፍ የሰሜኑ ጠርዝ ነው፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ይወርዳል። በቪቲኬ ፍርግርግ ግን የመጀመሪያው ረድፍ የታችኛው፣ ማለትም የደቡቡ ነው። ረድፎቹን ሳንገለብጥ ብናስተላልፋቸው ምድሪቱ በመስታወት እንደ ታየች ሁሉ ሰሜኗ ደቡብ ይሆናል። ሆኖም ተራራው ተራራ፣ ገደሉም ገደል እንደ ሆነ ይቆያል፤ ወንዞቹ እንኳ እንደ ወትሮው ቁልቁል ይፈስሳሉ። ሥዕሉን ብቻ አይቶ ጉድለቱን የሚያውቅ፣ አገሩን በእግሩ የረገጠ ሰው ብቻ ነው። ራስ ዳሸን በ13 ዲግሪ ከ14 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስ ላይ መሆኑ ቀርቶ 13 ዲግሪ ከ46 ደቂቃ ላይ ይቆማል። ይህም ከትክክለኛ ቦታው 59 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ ተከዜ ወደሚፈስበት ቆላ መሆኑ ነው። በዚህ ሥዕል ላይ ተመሥርቶ የዝናብ ወይም የጎርፍ ስሌት የሚሠራ ተማሪ ውጤቱ ሁሉ ይበላሽበታል፤ ፕሮግራሙ ግን አንድም የስሕተት መልእክት አያሳየውም።

ስለዚህ አስቀድሞ በሚታወቅ ቦታ መፈተን ያስፈልጋል። በባለ 1201 ፋይል በአንድ ደቂቃ ውስጥ 20 ልኬቶች አሉ። የራስ ዳሸን ኬንትሮስ 38 ዲግሪ ከ22 ደቂቃ ገደማ ነውና፣ ከዜሮ ጀምረን ከሰሜን ስንቆጥር ረድፉ 920፣ ዓምዱ 440 ይሆናል። ከተገለበጠ በኋላ ደግሞ ከደቡብ 280ኛው ነው። በዚያ ነጥብ ዙሪያ በየአቅጣጫው 20 እርምጃ ያህል ፈልገን ከ4,550 ጥቂት ዝቅ ያለ ጫፍ ካገኘን አንባቢያችን በደኅና ቆሟል። ጥቂት ዝቅ የሚለው አንዱ ልኬት 90 ሜትር ያህል ስፋት ስለሚወክልና የጫፉ ሹልነት በአማካይ ስለሚለዝብ ነው።

አሁን ወደ ፕሮግራሙ አሠራር እንለፍ። በፓይተን የሚጻፍ የፓራቪው አንባቢ ሁለት ዋና ዋና ተግባራት አሉት። በመጀመሪያው፣ «ሪኩዌስት ኢንፎርሜሽን» በሚባለው፣ ፓራቪው «ምን ያህል ስፋት አለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አንባቢውም መረጃውን ሳይጭን ስፋቱን ብቻ ይመልሳል። በሁለተኛው፣ «ሪኩዌስት ዳታ» በሚባለው፣ ልኬቶቹን ያቀርባል። ሁለቱ የተለያዩት ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ኮምፒዩተሮች ሥራውን ሲከፋፈሉ እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ብቻ መጠየቅ የሚችለው አስቀድሞ ጠቅላላውን ስፋት ካወቀ ነው። እዚህ ላይ ከ0 እስከ 1200 ብለን እናስመዘግባለን። ነጥቦቹ 1201 ሲሆኑ በመካከላቸው ያሉት ክፍተቶች ግን 1200 ናቸውና የነጥቦቹ ርቀት 1/1200 ዲግሪ ነው። በ1201 ያካፈለ ሰው የፋይሉ ጠርዝ ከጎረቤቱ ጋር አይገጥምለትም።

ራዳር ገደላማ ቦታዎችን ሁልጊዜ አያይም፤ ጥላ ያረፈበት ሥፍራ ልኬት አልባ ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ የፋይሉ እትሞች እንዲህ ያለው ቦታ -32,768 ተብሎ ተሞልቷል። ይህ ቁጥር ከፍታ አይደለም፤ «አላውቅም» ማለት ነው። አንባቢው ይህን ካላወቀ፣ 3,000 ሜትር ከፍታ ባላቸው ስምንት ልኬቶች መካከል አንድ ባዶ ቦታ ሲያገኝና አማካያቸውን ሲያወጣ ከባሕር ወለል በታች 974 ሜትር ይደርሳል። ባይቶቹ ተገልብጠው ከተነበቡ ደግሞ ይኸው ቁጥር 128 ሜትር ይሆናል፤ ይህም ለማንም የማያጠራጥር የቆላ ከፍታ ነው። በእኛ አስተያየት ባዶውን በጎረቤቶቹ ግምት መሙላት የአንባቢው ሥራ አይደለም። ልኬቶቹን ወደ ተንሳፋፊ ነጥብ ቁጥር ቀይሮ፣ በባዶው ፈንታ «ቁጥር አይደለም» የሚለውን ልዩ ምልክት ቢያኖር ፓራቪው በተለየ ቀለም ያሳየዋል፤ መሙላት አለመሙላቱንም ተመራማሪው ይወስናል።

አንድ ነገር ይቀራል። አግድሙ በዲግሪ፣ ሽቅቡ በሜትር ስለ ሆነ ሥዕሉን ወደ ላይ ስናስነሣው 1 ዲግሪ በሚሰፋ ሜዳ ላይ 4,550 የሚረዝም መርፌ ይወጣል። ይህን ለማስተካከል ከፍታውን ለ110,000 ያህል ማካፈል ለመጀመሪያ ዕይታ ይበቃል። በትክክል መሥራት የፈለገ ግን በዚህ ኬክሮስ ላይ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ 108 ኪሎ ሜትር፣ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ ደግሞ ከ110 ኪሎ ሜትር ጥቂት እንደሚበልጥ ማሰብ ይኖርበታል።

ለልምምድ «ኤን14ኢ040» የተባለውን ፋይል እንድትሞክሩት እንጋብዛለን። ዳሎል የሚገኘው በዚህ ፋይል ውስጥ ሲሆን፣ የደንከል ረባዳ ከባሕር ወለል በታች 125 ሜትር ያህል ይወርዳል። አንባቢያችሁ በዚያ አካባቢ 65,411 ሜትር የሚደርስ ግድግዳ ካቆመ፣ ባይቶቹን በትክክል አንብቦ የመቀነስ ምልክቱን ብቻ ዘንግቷል።