ከቴሌቪዥን መስኮት ወደ መጋረጃው ጀርባ

ስለ ሥራ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው የሚታየው ክፍል ብቻ ነው። ቴሌቪዥን ስንከፍት የምናየው ዜና የሚያነበውን ወይም እንግዳ የሚጠይቀውን ሰው ነው። ነገር ግን ያ ሰው አንድ ዐረፍተ ነገር ተናግሮ እንዲሰማ ካሜራውን የሚያነጣጥር፣ መብራቱን የሚያስተካክል፣ ድምፁን የሚቈጣጠር፣ የተነሣውን ሥዕል ቈርጦ የሚቀጥል፣ ገንዘቡን የሚመድብና ሰዓቱን የሚወስን ሌላ ብዙ ሰው ያስፈልጋል። እንግዲህ በመስኮቱ ፊት ስም ያተረፈ ሰው ወደ መጋረጃው ጀርባ ሲዛወር ምን ይዞ ይሄዳል? ምንስ ትቶ ይሄዳል? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንን ነው። ጥያቄው የቴሌቪዥን ሰዎች ብቻ አይደለም። ጥሩ መምህር ርእሰ መምህር፣ ጥሩ ሐኪም አስተዳዳሪ በሚሆንበት ቦታ ሁሉ ይነሣል፤ እኛም ተመርቀን ስንወጣ ይጠብቀናል።

ለምርመራችን የእንግሊዛዊውን የዴቪድ አተንቦሮን ታሪክ መርጠናል። (የውጭ አገር ታሪክ ስንጠቅስ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

አተንቦሮ ቢ.ቢ.ሲ. የገባው በ1952 ሲሆን የተቀጠረው ለአዘጋጅነት ነበር። ጥርሱ ትልቅ ነው ተብሎ በካሜራ ፊት እንዳይቀርብ አለቃው ገትታው እንደ ነበረ ይነገራል። በ1954 ግን ስለ ዱር እንስሳት ፍለጋ የሚያሳየው ፕሮግራም ሲጀመር አቅራቢ የነበረው የለንደን እንስሳት ማቆያ ባለሙያ ጃክ ሌስተር ታመመና አተንቦሮ በእርሱ ቦታ ገባ። ፕሮግራሙ እስከ 1963 ድረስ በየጊዜው ሲቀርብ አቅራቢው በአገሩ የታወቀ ሰው ሆነ። ከዚያ በኋላ ከመደበኛ ሥራው ለቆ በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ስለ ሰው ልጅ ኅብረተሰብ ያጠና ጀመር።

ትምህርቱን ሳይጨርስ በ1965 የሁለተኛው የቢ.ቢ.ሲ. ጣቢያ ኃላፊ እንዲሆን ተጠራ። ይህ ጣቢያ የተከፈተው በሚያዝያ 1964 ነበር፤ በመክፈቻው ምሽት የለንደን ኤሌክትሪክ ተቋርጦ የተዘጋጀው ፕሮግራም ሳይተላለፍ ቀርቷል። እንግዲህ አተንቦሮ የተረከበው ገና ያልጠና ጣቢያ ነበር።

በኃላፊነቱ ዘመን የሠራው ሥራ ከፍ ያለ ነው። በሐምሌ 1967 ጣቢያው የዊምብልደንን የቴኒስ ውድድር በቀለም በማስተላለፍ በአውሮፓ የመጀመሪያውን መደበኛ የቀለም ሥርጭት ጀመረ። ቀለሙ ለምን እንደሚጠቅም ለሕዝብ ማሳየት ደግሞ ሌላ ሥራ ነበር። ስለዚህ አተንቦሮ የሥነ ጥበብ ሊቁን ኬኔት ክላርክን ጠርቶ የምዕራብ አውሮፓን የጥበብ ታሪክ በ13 ክፍሎች እንዲያቀርብ አደረገ፤ ይህም በ1969 ታየ። በዚያው ዓመት የስኑከር ጨዋታም በጣቢያው ቀረበ። የስኑከር ኳሶች የሚለዩት በቀለማቸው በመሆኑ፣ በጥቁርና ነጭ መስኮት ለተመልካች የማይጨበጥ የነበረው ጨዋታ አሁን በቀላሉ ይገባ ጀመር።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። አተንቦሮ ራሱ መናገር የሚያውቅ፣ ሕዝብም የሚወደው ሰው ሆኖ ሳለ እነዚያን 13 ክፍሎች ያቀረበው እርሱ አልነበረም። የጀርባ ሥራ ፈተናው እዚህ ላይ ነው። በፊት ያለ ሰው የሚመዘነው ራሱ በሠራው ነው፤ በጀርባ ያለው ግን ሌላው እንዲሠራ ባስቻለው ይመዘናል። ከፊት ሥራ ይዞት የሚሄደው ሀብት አለ፤ ይኸውም ካሜራ ፊት የቆመ ሰው ምን እንደሚያስፈራው፣ ምን እንደሚያደናቅፈው ማወቁ ነው። የሰው ፊት እሳት ነው ይባላልና፣ ያልሞቀው ያንን እሳት አያውቀውም። በጀት መደልደል፣ የጊዜ ሰሌዳ ማውጣት፣ የባልንጀራን ሐሳብ አመዛዝኖ «ይህ አይሆንም» ማለት ግን እንደ አዲስ መማር ያለበት ሙያ ነው። ስም ያለው ሁሉ ይህን ያውቃል ብሎ መገመት ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ቁም ነገር አተንቦሮ ሹመቱን ሲቀበል ያስገባው ውል ነው። አልፎ አልፎ የራሱን ፕሮግራም እንዲሠራ ይፈቀድልኝ ብሎ ተዋውሎ ነበር። በ1969 የሁለቱም ጣቢያዎች የፕሮግራም ኃላፊ ሆኖ ወደ ላይ ወጣ፤ ለዋና ዲሬክተርነትም ስሙ ይነሣ ጀመር። እርሱ ግን የወረቀቱ ሥራ ከሙያው እንዳራቀው ስለ ተሰማው በ1973 መጀመሪያ ሥልጣኑን ለቀቀና ወደ ካሜራው ተመለሰ። በ1979 የታየው ስለ ሕይወት አመጣጥ የሚናገረው ባለ 13 ክፍል ሥራው የዚህ መመለስ ፍሬ ነው።

አንድ ምስክር አይበቃም ከተባለ አሜሪካዊቷን ሉሲል ቦልን እንጨምር። በ1951 በተጀመረው አስቂኝ ተከታታይ ጨዋታ እጅግ የታወቀች ተዋናይት ነበረች። በ1962 የቀድሞ ባሏን ድርሻ ገዝታ በስማቸው የተቋቋመውን የፕሮግራም ማዘጋጃ ድርጅት ብቻዋን መራች። «ስታር ትሬክ» በ1966 የወጣው ከዚህ ድርጅት ነው። እርሷም በኃላፊነቷ ዘመን በመስኮት ላይ መታየቷን አላቋረጠችም፤ ድርጅቱንም በ1967 ሸጠችው። መንገዳቸው ቢለያይም ሁለቱም የቀደመ ሙያቸውን አልጣሉም።

በእኛ አገር ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የተመልካቹ ምስጋና የሚደርሰው በይበልጥ ለሚታየው ሰው ነው። በግቢያችንም ነገሩ ያው ነው። ቴአትር ሲዘጋጅ ለተዋናይነት የሚሰለፈው ብዙ፣ መጋረጃ ለመሳብና መብራት ለመያዝ የሚመጣው ጥቂት ነው። ይህን መጽሔት የሚያባዙትና የሚጠርዙት ጓደኞቻችን ስም በገጾቹ ላይ አይገኝም፤ ያለ እነርሱ ግን የማናችንም ጽሑፍ አይነበብም።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ሁለት ገጽ አለው። አንደኛ፣ ወደ ጀርባ መዛወር ውርደት አይደለም፤ መታየት የቀረበት ሰው ሥራው አልቀረበትም። ሁለተኛ፣ ሹመት ለጎበዝ ሠራተኛ ሁልጊዜ ሽልማት አይደለም። ጥሩ መምህር ያለ ዝግጅትና ያለ ፈቃዱ ከወንበር ላይ ሲቀመጥ አገር አንድ መምህር አጥታ አንድ ደካማ አለቃ ታተርፋለች፤ ኪሳራው የሚቈጠረውም በተማሪዎቹ ላይ ነው። ስለዚህ ነገ እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣልን ደመወዙንና ማዕርጉን ብቻ አንጠይቅ። የሚጠብቀንን አዲስ ሙያ ለመማር ፈቃደኞች ነን ወይ? ወደ ቀድሞው ሙያችን የሚመልሰንስ በር ክፍት ነው ወይ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ሳንመልስ ውሉን አንፈርም።