የግድግዳው ፈቃድና የማሸጊያው ስም

አንድ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ስንገባ ግድግዳው ላይ በመስታወት ተደርጎ የተሰቀለ የንግድ ፈቃድ እናያለን። ባለቤቱን «ይህ ስም የማን ነው?» ብለን ብንጠይቀው ጣቱን ወደዚያው መቀሰሩ አይቀርም። «ይኸው ተመዝግቤያለሁ፣ ግብሬንም እከፍላለሁ» ይለናል። እውነቱን ነው፣ ተመዝግቧል። ነገር ግን የተመዘገበው የንግድ ስሙ እንጂ የንግድ ምልክቱ አይደለም። ሁለቱ አጠራራቸው ስለሚቀራረብ ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንን ልዩነትና በአነስተኛ ነጋዴዎች ላይ የሚያመጣውን ጣጣ ማሳየት ነው።

የንግድ ስም ነጋዴው ንግዱን የሚያካሂድበት መጠሪያ ነው። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት በንግድ መሥሪያ ቤቶች በኩል ይመዘገባል። የንግድ ምልክት ግን የሚለየው ነጋዴውን ሳይሆን ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን ነው። ቃል ሊሆን ይችላል፣ ሥዕል፣ ፊደል፣ ቁጥር፣ የዕቃው መያዣ ቅርጽም ሊሆን ይችላል። ይህን የሚገዛው ሕግ ሌላ ነው፤ የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ይባላል። የሚመዘግበውም ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። በ1995 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ተብሎ የተቋቋመው፣ ዛሬ ባለሥልጣን የሚባለው ማለት ነው። ወረዳ ሄዶ ፈቃድ ያወጣ ሰው ወደዚህኛው ካልሄደ ምልክቱን የመዘገበለት ማንም የለም።

እስቲ በምሳሌ እንየው። አንዲት እናት ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀች «ጽጌረዳ ባልትና» በሚል ስም ትሸጣለች እንበል። መጀመሪያ ለጎረቤት፣ ቀጥሎ ለሰፈር ሱቆች፣ ከዚያ ውጭ አገር ላለ ዘመድ በሚላክ ሻንጣ ውስጥ። አምስትና ስድስት ዓመት ስትለፋ ሰው ሱቅ ሄዶ «ሽሮ ስጠኝ» ማለቱን ትቶ «ጽጌረዳ ስጠኝ» ማለት ይጀምራል። እንግዲህ ገንዘቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። ወፍጮውም ሚዛኑም ቢሰረቅ ይተካል፤ ይህች አንዲት ቃል ግን የስድስት ዓመት ድካም ናት። አሁን አንድ ካፒታል ያለው ሰው መጥቶ ያንኑ ስም፣ ያንኑ የአበባ ሥዕል በራሱ ስም ቢያስመዘግብስ?

በአዋጁ አንቀጽ 4 መሠረት የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው የምዝገባ ምስክር ወረቀት ሲገኝ ነው። ስለዚህ እኚህ እናት «እኔ ነኝ የጀመርኩት» ማለታቸው ብቻውን ባለቤት አያደርጋቸውም። በእርግጥ መንገዱ ሁሉ ተዘግቷል ማለት አይደለም። በምዝገባው ወቅት ተቃውሞ ማቅረብ ይቻላል፣ ያልተገባ የንግድ ውድድር ነው ብሎ መክሰስም ይቻላል። ችግሩ ማስረጃ ነው። ያለ ደረሰኝ በዱቤ ሲሸጥ የኖረ ሰው ገበያው እንደሚያውቀው በምን ያስረዳል? ምስክር ወረቀት በእጁ ያለ ሰው ግን ይህ ሁሉ አያስጨንቀውም። ሆን ብሎ መብቱን የጣሰበት ሰው በአዋጁ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ቅጣቱ ቀላል አይደለም፤ ግን የሚጠብቀው የተመዘገበውን ነው።

ስለ ተቃውሞው ካነሳን አይቀር ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሚሆን አንድ ነገር አለ። አመልካቹ ማመልከቻው ተመርምሮ ካለፈ በኋላ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በራሱ ወጪ ማስታወቂያ ያወጣል፤ ብዙ ጊዜም በጋዜጣ ነው። ያንን ገጽ ማን ያነባል? እኛ ራሳችን ጋዜጣ ስንገዛ ዘለነው ስፖርቱን አይደል የምናየው? ባልትና ሻጯ ደግሞ ጭራሹን ጋዜጣ የምትገዛ አይመስለኝም። የሷ ስም በሌላ ሰው ሊመዘገብ ነው ተብሎ በአደባባይ ተነግሮ፣ የመቃወሚያው ጊዜ አልፎ፣ እሷ ግን በርበሬዋን እያሰጣች ሊሆን ይችላል።

ምን ዓይነት ስም ይመዘገባል የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። «ባልትና» የሚለውን ቃል ብቻውን ማንም የኔ ነው ሊል አይችልም፤ የዕቃውን ዓይነት የሚናገር ስለሆነ ለሁሉም የተተወ ነው። «ንጹህ በርበሬ»ም እንደዚያው። «ጽጌረዳ» ግን ከሽሮ ጋር ምንም ዝምድና የላትም፣ ስለዚህም ትለያለች። በአገራችን ብዙ ነጋዴ «ጥራት»፣ «ምርጥ»፣ «ልዩ» የሚሉ ስሞችን ይወዳል። ለጆሮ ደስ ይላሉ፣ ለመከላከል ግን ደካማ ናቸው። ሌላው ምድቡ ነው። ኒስ በሚባለው ዓለም አቀፍ አመዳደብ ዕቃና አገልግሎት በ45 ይከፈላል። ሽሮና በርበሬ 30ኛው ውስጥ ሲሆኑ ምግብ ቤት 43ኛው ነው። ነገ ምግብ ቤት እከፍታለሁ የሚል ሰው ሲያመለክት ይህንንም ማሰብ አለበት።

የገላጭ ስም ጣጣ በመንግሥት ላይም ደርሷል። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ስታመለክት የአሜሪካ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ የሐረርና የሲዳሞ ጥያቄም ስሞቹ ገላጭ ናቸው ተብሎ መጀመሪያ ላይ ውድቅ ሆኖ ነበር። ከስታርባክስ ጋር የነበረው ክርክርም በስምምነት የተቋጨው በ1999 ዓ.ም. ነው። እዚህ የተመዘገበ ምልክት እዚህ ብቻ እንደሚጠበቅም ከዚሁ ታሪክ እንረዳለን። ሽሮዋን ዋሽንግተን የምትልክ ነጋዴ እዚያም ማመልከት ይኖርባታል።

አሁን ወደ መርካቶ ጫማ ሠሪዎች እንምጣ፤ እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ የእነሱ ነገር ነው። ቆዳው የኛ፣ እጁ የኛ፣ ሶሉ ላይ የሚታተመው ግን «ሜድ ኢን ኢታሊ» ሆኖ የኖረ ብዙ ጫማ አለ። ለምን ቢባል ገዢው የአገር ውስጥ ከሆነ ዋጋ ያወርዳል። በአንድ በኩል አይፈረድባቸውም፣ መኖር አለባቸው። ነገር ግን ጫማው ጠንክሮ ሦስት ክረምት ሲያገለግል የሚመሰገነው ጣሊያን ነው። ገዢው ሲመለስም የሚጠይቀው ሠሪውን ሳይሆን የጣሊያን ጫማ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስለ ዕቃው ምንጭ ሕዝብን ስለሚያሳስት በምልክትነት ለመመዝገብም አይበቃም። ሠሪው ሃያ ዓመት ሠርቶም ከዜሮ ይጀምራል ማለት ነው።

«አቅም የለንም፣ የማመልከቻው ክፍያ አለ፣ የማስታወቂያው አለ» የሚሉ አሉ፤ ትክክል ናቸው። ወረቀቱ ከተገኘ በኋላም ሥራ አለው። ምዝገባው የሚጸናው ካመለከቱበት ቀን ጀምሮ ለ7 ዓመት ነው፣ ከዚያ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። ለ3 ተከታታይ ዓመት ያልተሠራበት ምልክት ደግሞ ባለጉዳይ ከጠየቀ ሊሰረዝ ይችላል። ለአንድ ጫማ ሠሪ ይህ ሁሉ ሊከብደው ይችላል። አዋጁ ግን የወል የንግድ ምልክት የሚባል ነገርም ፈቅዷል። በማኅበር የተደራጁ ጫማ ሠሪዎች፣ ወይም የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች፣ ወጪውን ተካፍለው አንድ ምልክት በማኅበራቸው ስም ማስመዝገብ ይችላሉ። ከማመልከቻው ጋር አብሮ የሚቀርበው የአጠቃቀም ደንባቸው ነው፤ ማን ምልክቱን ሊጠቀም እንደሚችል፣ ዕቃው ምን ዓይነት ጥራት ሊኖረው እንደሚገባ፣ ደንቡን የጣሰ አባልም ምን እንደሚደረግ ቁጭ ብለው ተስማምተው የሚጽፉት።